የሰዓት ሠሪው ቃል

ባለፈው ወር በሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስወጣ እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ፒያሳ ይዞኝ ወረደ። ልማድ ሆኖ እንጂ የሚያስኬድስ ነገር አልነበረም። የማውቃቸው ቤቶች ግማሾቹ የሉም፤ የተረፉትም ፊታቸውን ተቀብተው እንደ ሚዜ ተሰልፈዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያብረቀርቃል፣ ዳር ዳሩን አበባ ተተክሏል። አምሯል፤ አምሯል ብዬ እመሰክራለሁ። ሰው ግን ሰባውን ካለፈ በኋላ የሚፈልገው ያማረ ነገር ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር ነው። እኔ አሁን የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼ "አባባ፣ ምን ያመላልስሃል? እዚህ ያለውስ ጊዮርጊስ ጊዮርጊስ አይደለም ወይ?" ይሉኛል። ጊዮርጊስስ ጊዮርጊስ ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ የሌለሁት እኔ ነኝ።

ደክሞኝ ስለነበር ከተረፉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁና ባንኮኒው ላይ ክንዴን አሳርፌ "ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ" አልኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ኮፍያው አሮጌ ነው፣ ኮቱ ግን በደንብ ተተኩሷል። ስኒውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት አንገቱን ወደ ስኒው ዝቅ አድርጎ ይጠጣል። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣

"አስር አለቃ ደምሴ" አለ።

በዚያ ማዕረግ ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ያለ አይመስለኝም ነበር። "ይቅርታ፣ ዓይኔ ደክሟል። ማን ልበል?" አልኩት።

"የእኔም ደክሟል። በድምፅዎ ነው ያወቅሁዎት። 'እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ' ይሉኝ ነበር፣ በዚሁ ድምፅ።" ስኒውን በጥንቃቄ አስቀመጠ። "ካሣሁን ነኝ። ሰዓት ሠሪው።"

ማኪያቶው መጣ። አልነካሁትም።

ያን ጊዜ ማኪያቶ ስሙኒ ነበር። ኬክ ከታከለበት ሽልንግ። ይህን ሳነሳ ልጆቼ "ደሞዝህስ ስንት ነበር?" ብለው አፌን ይዘጉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ስሙኒዋ ባንኮኒው ላይ ስታርፍ የምታሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ጎረምሳው ሁሉ ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሶ የፒያሳን አቧራ ይጠርጋል፤ አፍሮው ላይ ማበጠሪያ ይሰካል፤ ታኮው ከፍ ያለ ጫማ አድርጎ ዳገቱን ሲወጣ በግንባሩ የሚደፋ ይመስላል። ልጃገረዶቹ ቀሚሳቸውን አሳጥረው በወርቅ ቤቶቹ መስታወት ውስጥ ቀለበቱን የሚያዩ መስለው ራሳቸውን ያያሉ። ውቤ በረሃ ዝናው ቢደበዝዝም ሽማግሌዎቹ ገና ከረባት ሳያስሩ ከቤት አይወጡም ነበር። ከሸክላ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ይደጋግማል። ሸክላው አንድ ቦታ ላይ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ይላታል፣ ከዚያ ይቀጥላል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘፈኑን ያጠናው ከነመደናቀፉ ነበር። እኔ ራሴ ዛሬም ሳንጎራጉረው ቃሏን ሦስት ጊዜ እላታለሁ።

እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። ካኪዬ በስታርች ደርቆ ስራመድ ይንኮሻኮሻል። አገሬ ቡልጋ የኔታ በአለንጋ ያስተማሩኝ የእጅ ጽሕፈት ስለነበረኝ ጣቢያ እንደገባሁ ምርመራ ክፍል አስቀመጡኝና የተጠርጣሪ ቃል እንድጽፍ አደረጉኝ። ፊደሌ ያምር ነበር። ሻምበሉ እንግዳ ሲመጣበት የእኔን መዝገብ ገልጦ ያሳይ ነበር።

ካሣሁን በዚያን ጊዜ ከወርቅ ቤቶቹ በአንዱ በር ጥግ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ የመስታወት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ቀጭን፣ ጠይም፣ ነገር የሚያውቅ የአራዳ ልጅ ነው። በቀኝ ዓይኑ ማጉያዋን ይሰካል፣ እንደ መርፌ በቀጠኑ ካቻቢቴዎች የሰዓት ሆድ ይከፍታል፣ ለዓይን የማትታይ ሞላ በፒንሳ ጫፍ አንስቶ ትንፋሹን ውጦ ቦታዋ ያስቀምጣታል። የእኔንም ሰዓት ሁለት ጊዜ ሠርቶልኛል። አንድ ቀን ሰዓቴ ቆማ ስወስድለት አገላብጦ አያትና "ምንም አልሆነችም፤ ፖሊስ ቤት ስታድር ደንግጣ ነው" አለኝ። ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው በምሳ ሰዓት ነው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት አቶ ዘለቀ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄዷል። ሱቁን የሚጠብቀው የሚስቱ ወንድም ሽፈራው ነው። ሽፈራው እንዳለው፣ ሲጋራ ሊገዛ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣና ካሣሁንን "አንዴ እያት" አለው። አቶ ዘለቀ ሲመለስ ሐብልና ቀለበት የተደረደረበት አንድ ትሪ የለም። ሽፈራው እናቱን እየጠራ ማለ። ካሣሁን ሲጠየቅ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ "ከሽፈራው በቀር የገባም የወጣም ሰው አላየሁም።" ራሱን ያሰረው በዚህች ቃል ነው። ማንም ካልገባ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሽፈራው ደግሞ ዘመድ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አቶ ዘለቀ ትልልቅ ሰዎች ያውቅ ስለነበር ሻምበሉ ጠርቶን "እስከ ዓርብ የእምነት ቃሉን እፈልጋለሁ" አለን። "ሌባውን እፈልጋለሁ" አላለም። ልዩነቷ ያን ጊዜ አልታየችኝም ብል ውሸት ነው፤ ታይታኝ አልፌአታለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው ሃምሳ አለቃ በላቸው ነበር። በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል ቶሎ አትፍረዱብኝ። ለጣቢያው ጎረቤት ልጆች ከረሜላ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የስቅለት ዕለት ሲሰግድ እንባው ምንጣፉን ያርሰው ነበር። የበኩር ልጄ ስትወለድ በግ እየጎተተ የመጣው እሱ ነው። እና ይህ ሰው ከጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ሰው ይገርፍ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅሁት። "ደምሴ፣ ሌባ በልመና አያምንም። ከአሥሩ ዘጠኙ ሌባ ነው፤ አሥረኛው እድሉ ነው" አለኝ። ሒሳቡን ተቀበልኩት። አሥረኛው ስም እንዳለው፣ ሚስት እንዳለችው፣ ሰዓቴን እንደሠራልኝ አላሰብኩም።

ካሣሁንን ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ጠየቅሁት። "እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ" እለዋለሁ፤ ይነግረኛል። እንደገና እለዋለሁ፤ ያንኑ ይነግረኛል፣ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ። የሚዋሽ ሰው በየጊዜው ትንሽ ያሳምራል፤ በሥራዬ ይህን ያህል አውቅ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ በላቸው መጣና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንተ ማኪያቶህን ጠጥተህ ና" አለኝ።

ሄድኩ። ምን እንደሚሆን ሳላውቅ አይደለም። ማኪያቶዬን አዘዝኩ፣ አረፋውን በማንኪያ በላሁ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ። ሸክላው ይደናቀፋል፣ ሰዉ ይስቃል። እጄ ላይ ያለችውን ሰዓት ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ቶሎ እንዳልመለስ ነው የማያት። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው "በደልህ የቱ ላይ ነው?" ቢለኝ በመጀመሪያ የማሳየው ያንን ባንኮኒ ነው።

ስመለስ ካሣሁን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ክንዶቹ የኋሊት ከክርናቸው ታስረው ቆይተው ገና መፈታታቸው ነው፤ ጭኑ ላይ ተጥለዋል፣ የእሱ አይመስሉም። በላቸው ላቡን እየጠረገ "ጻፍ" አለኝ። ጻፍኩ። ትሪውን መውሰዱን አመነ። "ወርቁስ የት አለ?" አልኩት። "ቀበና ወንዝ ጣልኩት።" "ለምን?" "ፈራሁ።"

ብዕሬን አነሳሁ። ቀበና ወንዝ ውስጥ ወርቅ የሚጥል ሌባ የለም። ያ ሰው የሌለውን ነገር አምጣ ስለተባለ ማንም ሄዶ ሊያገኘው የማይችልበትን ቦታ እየፈለገ እንደነበር ገባኝ። በላቸው እንደገባኝ ገባው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም፣ "እኔ እጄን አቆሽሻለሁ፣ አንተ ወረቀቱን ታነጻለህ። ሥራችን ይኸው ነው" አለኝ። ከታች፣ ሁልጊዜ እንደምጽፈው፣ በዚያ በሚያምረው ፊደሌ፣ "ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደበድበኝ በገዛ ፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው" ብዬ ጻፍኩ። "ፈርም" አልኩት። ብዕሩ ከጣቱ ወደቀ። አነሳሁለት፤ እንደገና ወደቀ። በላቸው አውራ ጣቱን ያዘና ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ተጫነው።

ፍርድ ቤት የቀረብነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ዳኛው መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ካሣሁን "ተደብድቤ ነው" አለ። ሁሉም ተከሳሽ እንደዚያ ይላል። ዳኛው ግን ወረቀቱን አነሱና ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ምያለሁ፣ ምስክር ሣጥኑ ውስጥ ቆሜአለሁ።

"ይህ ሰው ማንበብና መጻፍ ያውቃል?" አሉኝ።

"ያውቃል፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ ስለምን በጣቱ ፈረመ?"

ካሣሁን ቀና ብሎ አየኝ። በጥላቻ አልነበረም፤ ሰዓቴን ሲመልስልኝ እንደሚያየኝ ዓይነት ነበር፣ ትሠራለች አትሠራም ብሎ እንደሚጠብቅ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር።

"ራሱ መርጦ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። አምስት ዓመት ፈረዱበት። ሚስቱ ጽጌ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ ታቅፋለች። አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዙራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ቀጠለ። ይህ ነው የሚያስገርመኝ፤ ቀጠለ። ስሙኒው ስሙኒ ነው፣ ሸክላው ይደናቀፋል፣ የክረምቱ ዝናብ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቁልቁል ይጎርፋል። የካሣሁን የመስታወት ቤት ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ የቁልፍ ቅርጽ ማውጣት ጀመረ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ ያ ሽፈራው ነሐስ በወርቅ ዋጋ ሸጠሃል ተብሎ ተያዘና እኔው ዘንድ መጣ። አቶ ዘለቀ አባሮት ነበር። ምንም አልነካሁትም፤ ሻይ አስመጣሁለት። የነሐሱን ነገር በሁለት ደቂቃ አመነ። ሻዩን እየጠጣ፣

"ለመሆኑ ያ ሰዓት ሠሪ ወጣ?" አለኝ።

"አልወጣም።"

"አይ ምስኪን።"

"ለምን ምስኪን አልከው?"

ትከሻውን ነቀነቀና እንደ ጨዋታ አወራልኝ። ትሪውን በኮቱ ጠቅልሎ የወጣው እሱ ነው፤ ካሣሁን አጎንብሶ ሥራው ላይ ነበር። ወርቁን ድሬዳዋ ወስዶ ሸጠው፤ የገዛውን ነጋዴ ስም ጭምር ነገረኝ። "ይህንን ብጽፈውስ?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "አትጽፈውም። የእሱን ቃል የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

እውነቱን ነበር፤ አልጻፍኩትም። አራት ወር አልጻፍኩትም።

ምክንያት ነበረኝ፤ ሰው መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል? ሚስቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች። ለአዲሱ ዓመት ሃምሳ አለቃ ልሆን ስሜ ተላልፏል። ብጽፈው በሐሰት መማሌን ራሴ ማወጄ ነው። በላቸውን ባማክረው "እሱ ግማሹን ጨርሷል፤ አንተ ግን ገና መጀመርህ ነው፤ ልጆችህን አስብ" አለኝ። በጎ ምክር ነበር፤ ለልጆቼ አስቦ ነው። ነገሩ ሲከብደኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው። ጾምና ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ልክድ አልችልም፣ የሄድኩት ለዚያ ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና፣

"ሰውየው አሁን የት ነው?" አሉኝ።

"እስር ቤት ነው፣ አባ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?" አሉና ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ሽፈራው የነገረኝ ነው። ሁለተኛው የራሴ ቃል ነው፤ ተከሳሹ ቃሉን የሰጠው ተደብድቦ መሆኑን፣ በችሎት የመሰከርኩትም ሐሰት መሆኑን። ያ የተመሰገነው ጽሕፈቴ ያን ቀን እንደ ተማሪ ጽሕፈት ተንጋደደ። ሻምበሉ አንብቦ ወረቀቱን መልሶ ገፋልኝ። "ውሰደው፤ አላየሁትም" አለኝ። አልወሰድኩትም። የሁለተኛውን ግልባጭ ለዓቃቤ ሕግ መስጠቴን ስነግረው "ሞኝ ነህ" አለኝ። ድሬዳዋ ላይ ነጋዴው ተገኘ፤ የአቶ ዘለቀ ምልክት ያለባቸው ሁለት ቀለበቶች ገና አልተሸጡም ነበር። ካሣሁን ተፈታ።

እኔን የከሰሰኝ የለም፤ ቢከሱኝ ስንቱ ይነሣ ነበር። ማዕረጌን ገፈው መዝገብ ቤት ወረወሩኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ቃል አቧራ ስጠርግ ኖርኩ። የተቀጣሁት በመዋሸቴ አልነበረም፤ መዋሸቴን በመናገሬ ነበር። በላቸው ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ "አንተ ነጻህ፤ እኔን ግን አቆሸሽከኝ" አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም አላለኝም። እሱን የነካው አልነበረም፤ ሻምበል ሆኖ ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ ቆሜ አልቅሼለታለሁ፤ የበጉን ነገር አስቤ።

ካሣሁን ዘንድ ግን አልሄድኩም። መፈታቱን እንደሰማሁ እሄዳለሁ አልኩ፤ ከዚያ ለፋሲካ አልኩ፤ ከዚያ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ቁልቁል ስወርድ ከሩቅ አየሁት። እጁ ሰዓት መሥራት ስላልቻለ ጥጉ ላይ ቆሞ የሰዓት ማሰሪያ ይሸጣል፤ ቆዳውንም ብረቱንም ክንዱ ላይ ደርድሯል። መንገድ ተሻገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጥግ አላልፍም፤ ዳገቱ ቢበዛብኝም በሰባራ ባቡር ዞሬ እገባ ነበር። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት እንደሄደ እንጃ። ሸክላ ቤቱ ካሴት ቤት ሆነ፤ ካሴት ቤቱ ሞባይል ቤት ሆነ፤ ሞባይል ቤቱም ፈረሰ። እኔ ግን ስዞር ኖርኩ።

እና አሁን፣ ባንኮኒው ላይ፣ ካሣሁን አጠገቤ ቆሟል።

"መንገድ ሲሻገሩ አይዎት ነበር" አለኝ። "መጀመሪያ ቸኩለው ነው እል ነበር። በኋላ ግን ገባኝ።"

በዚያ ዘመን "አንተ" እለው ነበር፤ ዛሬ አልወጣልኝም። "አቶ ካሣሁን፣ እኔ እርስዎን… ይቅር…"

እጁን አነሳና አስቆመኝ። "አሁን ከጊዮርጊስ አይደል የመጡት? ይቅርታውን እዚያ ይጨርሱት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።" ትንፋሽ ወሰደ። "የልጅ ልጅ አለችኝ፣ ቤተልሔም። ያ ፍርድ ቤት ጽጌ የታቀፈችው ሕፃን አድጎ የወለዳት ናት። ሕግ ተምራ ዓቃቤ ሕግ ልትሆን ሥልጠና ላይ ነች። የእኔን ታሪክ ስነግራት 'አይዞህ አባባ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ክፉ ሰው አልሆንም' አለችኝ። ይህ አስፈራኝ። ክፉ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃለች፤ ፊልም ታያለች። ደህና ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ግን አታውቅም። እሱን እርስዎ ይንገሯት።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካሣሁን ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከጊዮርጊስ በታች፣ ገና ካልፈረሱት መካከል ነው፤ የጭቃ ግድግዳው በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ጽጌ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ፎቶዋ ከሬዲዮው በላይ ተሰቅሏል። ቤተልሔም ቀጭን ናት፣ እንደ አያቷ። ሻይ ቀዳችልኝና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አልተኮሳተረችብኝም፤ ብትኮሳተር ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ በላቸው ከረሜላ፣ ስለ ማኪያቶው አረፋ፣ ስለ ቀበና ወንዝ። ካሣሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ እጆቹን ከጉልበቶቹ መካከል ጨምቋቸዋል። የማያውቀውን ነገር ስናገር፣ ለምሳሌ ጫማዬን ማስጠረጌን፣ ቀና ይላል፤ ከዚያ እንደገና ያጎነብሳል። ልጅቷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀስ እያለች ጠየቀችኝ።

"ዳኛው ሲጠይቁዎት እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ከሥራ ያባርሩዎት ነበር?"

"አይመስለኝም፣ ልጄ። ሻምበሉ ይቆጣኝ ነበር። አንድ ሳምንት ምናልባት ያኮርፈኝ ነበር።"

"እና ለአንድ ሳምንት ኩርፊያ ነው?"

"ለእሱ ነው።"

ወደ አያቷ አየች፤ ወደ እኔ ተመለሰች። "ሽፈራው የነገረዎትን በሆድዎ ይዘው፣ እነዚያን አራት ወራት፣ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር?"

ይህንን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፤ የንስሐ አባቴም፣ ሚስቴም። "አልተኛም ነበር" የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ያምራል፤ ማንም ሽማግሌ እንደዚያ ይላል። ልጅቷም የምትጠብቀው እሱን ይመስል ነበር፤ ብላት አምና ትተወኝ ነበር። ካሣሁን አልጋው ላይ ሆኖ ቀና አለ።

"ይወስደኝ ነበር" አልኳት። "በደንብ አድርጎ። እራቴን በልቼ፣ ልጄን አጫውቼ፣ እስኪነጋ ድረስ።"

ከውጭ የማፍረሻ መኪናው ይጮኻል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጮኻል። ቤተልሔም ወለሉን አየች። ድምፅዋ ሲወጣ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ለእኔም ለአያቷም ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ይመስል።

"እኔንም እንቅልፍ ይወስደኛል ማለት ነው" አለች።

ካሣሁን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ "ሽማግሌውን ሸኚያቸው፤ መውረጃው ጭቃ ነው" አላት። ተነሥታ ክንዴን ያዘችኝና ወጣን።